ወንዙ ሳይደርቅ ጨፌው ሲደርቅ፦ ዝቅተኛ የወንዝ ፍሰት ለመወሰን የትኛው ዘዴ ይሻላል?

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቹ በር ላይ የሚሰቀሉትን ባነሮች ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አበል ያስገኛል፣ ማታ ደግሞ ደጅ ቁጭ ብሎ ለመጫወት ይመቻል። እኔ ነዋሪዋ ስለሆንኩ አበሉ አይደርሰኝም። ስብሰባው ግን ይደርሰኛል።

ከነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ርዕሱ የወንዝ ፍሰት ነበር። አቅራቢው ስላይዱ ላይ አንድ ቁጥር አሳየን። ግድቡና መስኖው የሚፈልጉትን ከወሰዱ በኋላ ወንዙ ውስጥ መቅረት ያለበት ውሃ፦ የዓመቱ አማካይ 10 በመቶ። አጠገቤ ከአዋሽ ዳር የመጡ አንድ አዛውንት ከብት አርቢ ተቀምጠዋል። ጠጋ አሉና "ይሄ ውሃ ሳሩ ላይ ይወጣል?" አሉኝ።

"አይወጣም አባቴ፤ ወንዙ ውስጥ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚቀረው?"

የሻይ ሰዓት ደረሰና ሳልመልስላቸው ቀረሁ። እዚህ ልመልስ። ጽሑፉ በተፋሰስ ኮሚቴ ውስጥ ለምትሠሩ፣ ለወረዳ የውሃና የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የአማካሪ ሪፖርት ጠረጴዛቸው ላይ አርፎ "ይፈረም ወይስ ይመለስ?" እያሉ ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ይህን ወንዙ ውስጥ መቅረት ያለበትን ዝቅተኛ ፍሰት የሚወስኑ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። እኔ በአገራችን ሪፖርቶች ውስጥ የሚያጋጥሟችሁን ብቻ ላወዳድር።

ጨፌ ምን ይፈልጋል?

ጨፌ፣ ማለትም ወንዝ ዳር ያለ ረግረግ፣ ሁለት ኑሮ አለው። በበጋ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። በክረምት ሐይቅ ይመስላል። ሁለቱን ኑሮ የሚያገናኙት ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳው ላይ የሚተኛባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው። እነዚያ ቀናት ሲጠፉ ቄጤማው ይሳሳል፣ ደንገሉ ያፈገፍጋል፣ ቁጥቋጦው ይገባል። ወንዙ ግን ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

አምባዛን እንውሰድ። ዝናብ ጀምሮ ውሃው ሲሞላ ከዋናው ወንዝ ይወጣና አዲስ ውሃ ወደሸፈነው ሳር ይሄዳል። እንቁላሉን ሳሩ ላይ ያጣብቃል። እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ሞቅ ያለ፣ ምግብ የበዛበት ውሃ ለሳምንታት ያስፈልጋቸዋል። ውሃው በሦስተኛው ቀን ከሸሸ የዓመቱ ትውልድ ጭቃ ላይ ይቀራል። ሽመላ እየዞረ ይለቅመዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ እግር ይይዛል። በየጉድጓዱ የቀረችው ውሃ ትርገበገባለች፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጣት የምታክል አምባዛ ሞልቶባታል።

ስለዚህ ለጨፌ አንድ ቁጥር አይበቃውም። ውሃው ከዳርቻው በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ወጣ? ስንት ቀን ቆየ? በየትኛው ወር መጣ? ሲመለስ ቀስ ብሎ ነው ወይስ በአንድ ሌሊት? አራቱም ያስፈልጋሉ።

ሰውም እንደ አምባዛው ነው። በላይኛው አዋሽ የበቾን ሜዳ ተመልከቱ። ክረምት ላይ ከተፍኪ ጀምሮ ውሃ ይተኛበታል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ሌላ ዝናብ አይጠብቅም። ወደ ታች ወርዳችሁ አፋር ስትገቡ የገዋኔና የገደባሳ ረግረግ የአርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሽ ነው። በላይ ሽምብራ የሚያበቅለው ጎርፍ በታች ወተት ይሆናል።

የቆቃ እንቆቅልሽ

ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ከሱ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የኃይል ማመንጫዎች ተከተሉ። የወንጂ ስኳር ከግድቡም ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው ማምረት የጀመረው። ኋላ ደግሞ መተሐራ መጣ፣ በአፋርም የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ።

ግድብ ምን ይሠራል? የክረምቱን ውሃ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ተርባይኑም ሸንኮራውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ውጤቱ ግን ልብ ይባል። ከግድቡ ሥር፣ ገና መስኖው ሳይስበው፣ ወንዙ በበጋ ከተፈጥሮው የበለጠ ውሃ ይዟል። በክረምት ደግሞ ከተፈጥሮው ያነሰ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ "ዝቅተኛው ፍሰት ተከብሯል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ፣ እንዲያውም ተርፏል" ነው። ሪፖርቱ ንጹሕ ነው። ሜዳው ግን ውሃ ካየ ዓመታት አልፎት ሊሆን ይችላል። ዝቅተኛ ፍሰት ወንዝ እንዳይሞት የሚደረግ ነገር ነው፤ ጨፌን የሚያኖረው ከፍተኛው ፍሰት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ዘዴዎች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። ሚዛኔ አድሏዊ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም።

የአማካይ መቶኛ፦ ፈጣኑና ርካሹ

በሪፖርቶች ላይ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው። አባቱ ቴናንት የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተመው። የሠራው ሞንታናን በመሳሰሉ ግዛቶች ባሉ ወንዞች ላይ ስለሆነ የሞንታና ዘዴም ይሉታል። ሠንጠረዡ ቀላል ነው። ከዓመቱ አማካይ 10 በመቶ ከቀረ ወንዙ ለአጭር ጊዜ ነፍሱን ያቆያል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ግማሽ ዓመት 20 በመቶ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ደግሞ 40 በመቶ ከቀረ "ጥሩ" ይባላል። 60 በመቶ ሲደርስ በጣም ጥሩ ነው። ወንዙን ለማጠብ ደግሞ ለአጭር ጊዜ 200 በመቶ ይለቀቅ ይላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ባለሙያ የፍሰት መዝገብ ካለው ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ችግሩ ደግሞ የተሠራው በረዶ እየቀለጠ ለሚሞላቸው የዓሣ ወንዞች መሆኑ ነው። የእኛ ወንዝ በክረምት ዶፍ ይሞላና በበጋ ይከሳል። በአጋጣሚ የሠንጠረዡ የውሃ ወቅት ከእኛ ክረምት ጋር ይደራረባል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን የቴናንት አይደለም፣ የእኛ ነው። ከሠንጠረዡ ሁሉ የመጨረሻዋን 10 በመቶ መርጠን "ዓለም አቀፍ መስፈርት" እንላታለን። ቴናንት ራሱ ያችን ቁጥር ለድንገተኛ ችግር እንጂ ለዘወትር አልሰጣትም። ለዘወትር የሚበላ ምግብ ሲጠየቅ ግሉኮስ ማቅረብ ነው።

የ95 በመቶ ፍሰት፦ በመዝገብ የሚታለል

ሁለተኛው ዘዴ የቀናቱን ፍሰት ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል። ከመቶ ቀን በ95ቱ የሚገኘውን ወይም የሚበልጠውን መጠን ይወስዳል። በዓመት ሲታሰብ ወደ 347 ቀን ወንዙ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ወንዙ በጣም የሚከሳባቸውን ቀናት ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ለመጠጥ ውሃ ዕቅድና ለፍሳሽ ፈቃድ እኔም እመርጠዋለሁ፤ ቆሻሻው በስንት ውሃ እንደሚቀጥን የሚነግራችሁ ያ የከሳ ቀን ነውና።

ለጨፌ ግን ከቴናንትም ይብሳል። ቴናንት ቢያንስ የማጠቢያ ፍሰት አለው። ይህኛው ስለ ጎርፍ ጭራሽ አያወራም። በዚያ ላይ በመዝገብ ይታለላል። ከግድብ በኋላ በተያዘ መዝገብ ካሰላችሁት የግድቡን ባህርይ "ተፈጥሮ" ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። በአዋሽ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከቆቃ በላይ ያለውን የሆምቦሌን የፍሰት መለኪያ ጣቢያ፣ የሞጆንም ጨምራችሁ፣ ጠይቁ። ግድቡ ያልነካውን ወንዝ የሚያሳየው ያ ነው። ሆምቦሌንም ቢሆን ከላዩ ያለው መስኖና የአዲስ አበባ ፍሳሽ ነክቶታል፤ ቢሆንም ከታችኛው ይሻላል።

እርጥብ ወለልና የዓሣ መኖሪያ ሞዴል፦ ባጭሩ

እርጥብ ወለል የሚባለው ዘዴ ውሃ የነካውን የወንዙን ወለልና ግድግዳ ርዝመት ይለካል። ውሃው ሲቀንስ ወለሉ በፍጥነት መጋለጥ የሚጀምርበትን ነጥብ ይፈልጋል። ድንጋያማና ፈጣን ለሆነ ጅረት ይሠራል። ዳርቻው ጠፍጣፋ በሆነበት ሜዳ ላይ ነጥቡ አይለይም።

የዓሣ መኖሪያ ሞዴሉ አንድ ዓሣ የሚወደውን ጥልቀትና ፍጥነት ይዞ ወንዙን በኮምፒዩተር ያሰላል። በአሜሪካ ለሳልሞንና ለትራውት ተብሎ የዳበረ ነው። ውድ ነው፣ ረጅም የመስክ ሥራ ይጠይቃል፣ መልሱም ስለ ወንዙ ቦይ ነው። ጨፌ ይዞ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ ባይጥል ይሻለዋል። አማካሪው አጥብቆ ካቀረበው "የትኛው ዓሣ? የኛን አምባዛ ልኬት ከየት አመጣህ?" በሉት።

የመቶኛ ጣሪያ፦ ግድብ ለሌለበት ወንዝ

ይህ ጥያቄውን ይገለብጠዋል። "ስንት ይቅር?" ሳይሆን "ስንት ይወሰድ?" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሪክተር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። የዕለቱ ፍሰት በሰው ምክንያት ከ10 በመቶ በላይ ካልተቀየረ ወንዙ በደንብ ይጠበቃል። እስከ 20 በመቶ ድረስ መካከለኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳት ይጠበቃል፤ ዝርዝር ጥናት ይደረግ ይላሉ።

የምወደው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጎርፉን ብዙም አይነካም። ወንዙ 150 ሜትር ኩብ በሰከንድ ሲሞላ ቢያንስ 135ቱ ያልፋል፤ ሜዳው ድርሻውን ያገኛል። ወንዙ ሲከሳ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይከሳል። ግድብ ለሌለባቸው ገባር ወንዞች፣ በተለይ የሽንኩርትና የቲማቲም ፓምፖች ለበዙባቸው፣ ከሁሉም ይሻላል።

ጣጣው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ፓምፖች ማን ይቆጥራል? ሌሊት የሚሠሩትንስ? የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት እርስ በርስ ካልተቆጣጠሩ ጣሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

የብሎክ ዘዴ፦ አድካሚው፣ ግን ጨፌን የሚያየው

ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዳበሩት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የውሃ ሕግ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዙ ኑሮ የሚሆን ውሃ ከሌላው ድልድል በፊት ይቀመጥ ተባለ። ዘዴው ከሕጉ ጋር አብሮ አደገ።

አሠራሩ ቤት እንደ መሥራት ነው። የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት አንድ ብሎክ። የክረምቱ መነሻ ፍሰት ሁለተኛ ብሎክ። በበልግ መግቢያ ለዓሣው "ተነስ" የምትል ትንሽ ሙላት ሦስተኛ። ከዳርቻ የሚወጣው ጎርፍ አራተኛ። የውሃ፣ የዓሣ፣ የዕፅዋትና የአፈር ባለሙያዎች ከአካባቢው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዱን ብሎክ "ለምን?" እያሉ ያስቀምጣሉ። ምክንያት የሌለው ብሎክ ይወጣል።

የአገራችን ምሳሌ አለ። የጣና መውጫ ላይ ያለው የጫራ ጫራ ግድብና የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች የጢስ እሳትን ፏፏቴ ውሃ ሲያሳንሱት ተመራማሪዎች የዚሁ ቤተሰብ የሆነ የደቡብ አፍሪካ ፈጣን ሞዴል ተጠቅመው አሰሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። የወንዙን መሠረታዊ ኑሮ ለመጠበቅ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያስፈልጋል አሉ፤ ከዓመቱ ፍሰት 22 በመቶው ነው። በደረቅ ዓመትም ቢሆን ወርኃዊ አማካዩ በሰከንድ ከ3.7 ሜትር ኩብ እንዳይወርድ። ደግሞም በሐቀኝነት አንድ ነገር ጨመሩ፦ ይህ ቁጥር የፏፏቴውን ውበት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ውሃ አያካትትም። ቱሪስቱ የሚያየው ውሃ ሌላ ሒሳብ ነው። ማንኛውም ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ቁጥሩ ምን እንደማይጠብቅ የማይነግራችሁን ሪፖርት አትመኑ።

ሰው ሠራሽ ጎርፍ ያዋጣል ወይ?

ስብሰባ ላይ "ጎርፍ እንልቀቅ" ስትሉ የኃይልና የመስኖ ሰዎች ፊት ይለወጣል። ውሃችን ሊባክን ነው ብለው ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ የአዋሽ አይደሉም።

ዓመታዊ አማካዩ 40 ሜትር ኩብ በሰከንድ የሆነ ወንዝ እንበል። ለአጭሩ ኩብ እላለሁ። ውሃው ከዳርቻ የሚወጣው 110 ኩብ ሲደርስ ነው። የቴናንት 10 በመቶ 4 ኩብ ነው። 40 በመቶው 16 ኩብ። የማጠቢያው 200 በመቶ እንኳ 80 ኩብ ነው፤ ዳርቻው ላይ አይደርስም። አያችሁ? ሠንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ብታከብሩ እንኳ ሜዳው ጠብታ አያይም።

አሁን ነሐሴ ላይ ለ10 ቀን 130 ኩብ እንልቀቅ። 112 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ 4 ኩብ መልቀቅ ስንት ይፈጃል? 126 ሚሊዮን። ጨፌውን የሚያጠጣው የ10 ቀን ጎርፍ ማንንም ከማያጠጣው 10 በመቶ ያነሰ ውሃ ይወስዳል። በዚያ ላይ ተርባይኑ 60 ኩብ የሚያሳልፍ ከሆነ ያ ውሃ መብራት እያመነጨ ነው የሚያልፈው። ለኃይል የሚቀርበት 70 ኩብ ብቻ ነው፤ በ10 ቀን 60 ሚሊዮን ገደማ። ከወንዙ ዓመታዊ ውሃ 5 በመቶ አይሞላም። እርግጥ መውጣቱና መውረዱ ቀስ ብሎ ይሁን ስለምንል ጥቂት ቀናት ይጨመሩበታል። ጥሩ ክረምት በሆነበት ዓመት ደግሞ ግድቡ ሞልቶ ለማንኛውም ማስተንፈሱ አይቀርም። ያኔ ሥራው ቀኑን መምረጥ ብቻ ነው።

ሌላ አገር ተሞክሯል። በካሜሩን የማጋ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሠራ የዋዛ ሎጎኔ ሜዳ ደረቀ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተዘጉ ቦዮችን ከፍተው ውሃ ሲለቁበት የብዙ ዓመት ሳሩ ተመለሰ፣ ከብቱም ተከትሎት መጣ። በዛምቢያ የኢቴዢ ቴዢ ግድብ ሲነደፍ ለካፉዌ ሜዳ በመጋቢት ለአራት ሳምንት 300 ኩብ የሚለቀቅ ተጨማሪ ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። አለቃቀቁ ግን ለዓመታት አከራክሯል። ውሃውን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ በሰዓቱ መልቀቅ ሌላ። እዚሁ አገራችንም የጊቤ 3 ዕቅድ ለታችኛው ኦሞ በዓመት አንዴ ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅን ያካትት ነበር። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ የቱን?

ግድብ የሌለበት፣ ፓምፕ የበዛበት ወንዝ ከሆነ የመቶኛ ጣሪያውን ያዙ። በበጋ ደግሞ "ከዚህ በታች ሁሉም ፓምፕ ይቆማል" የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ያቺን መስመር ለማግኘት የ95 በመቶ ፍሰት ይረዳችኋል። የመጠጥ ውሃ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው። ይህ ለአዳማ ወሬ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የምንጠጣው ከአዋሽ የተጣራውን ነው። የወንጂን አሮጌ ጉድጓዶች ታሪክ ጥርሳቸው ላይ የተሸከሙ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ጊዜም ገንዘብም መረጃም ከሌላችሁና ነገ መፈረም ካለባችሁ ቴናንትን መጠቀም ነውር የለውም። ግን 10ን ሳይሆን የ20 እና 40 በመቶውን ረድፍ ውሰዱ። ከሥሩም "ይህ ቁጥር እስከዚህ ዓመት ብቻ ይሠራል" ብላችሁ ጻፉ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሃያ ዓመት ሲቆይ አይተናል።

በር ያለው ግድብ ካለ ወደ ብሎክ ዘዴው ሂዱ፣ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው። ሙሉ ቡድን ማሰባሰብ ካቃታችሁ ቀለል ያለ መንገድ አለ። የሳተላይት ምስል በነጻ ይገኛል። ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ጥራት ያሳያል። በክረምት ደመናው ያስቸግራል፤ የሴንቲኔል 1 ራዳር ግን ደመናውን አልፎ ያያል፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ። ሜዳው ውሃ የለበሰባቸውን ቀናት ከምስሉ አውጡ። በዚያው ቀን መለኪያው ላይ ስንት ኩብ እንደነበር እዩ። ሁለቱን ስታጋጥሙ "ከዚህ ኩብ ጀምሮ ይወጣል" የሚለው ቁጥር ራሱ ይመጣል።

ከዚያ በጥቅምት ወደ ሜዳው ውረዱ። ውሃው ሸሽቷል፣ ምልክቱ ግን አልጠፋም። ግራሩ ግንድ ላይ ግራጫ የደለል መስመር አለ። ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ሳርና የፌስታል ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ሜትር አውጥታችሁ ለኩት። ከዚያ ከብት የሚጠብቁትን አባት "ከዚህ በላይ የወጣበት ዓመት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቱን በቁጥር አይነግሯችሁም፤ "የልጄ ሰርግ የነበረ ጊዜ" ይሏችኋል። ይበቃል፣ መዝገቡን አውጥታችሁ ታገናኙታላችሁ።

ግድቡ ገና በንድፍ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የመልቀቂያው በር ስንት ኩብ ያሳልፋል? ጎርፉ 130 ኩብ ይፈልግና በሩ 50 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ መመሪያ ሁሉ ከንቱ ነው። ኮንክሪት በመመሪያ አይሰፋም።

ከመፈረማችሁ በፊት

ጎርፍ ስል የሰው ቤት የሚወስደውን ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ወንጂም ሸንኮራውንና መንደሩን የሚጠብቅለት የአፈር ካብ አለው። ሜዳው ላይ አሁን ማን እንደሚኖር ሳታውቁ ውሃ አትልቀቁ። ቀኑ ቀድሞ ይነገር፤ በሬዲዮም፣ በገበያ ቀንም፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ የወረረው ሜዳ ከሆነ ደግሞ ዘሩ በጎርፍም በከብት ሆድም ይሰራጫል። መጀመሪያ ዛፉን ሳትቆጣጠሩ ውሃ ብቻ ብትለቁ እሾህ ማጠጣት ይሆናል።

ግድብ ደለሉን ስለሚያስቀር ከሥሩ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ የወንዙን ወለል እየቦረቦረ ሊያጠልቀው ይችላል። ያኔ ዘንድሮ በ110 ኩብ የወጣው ውሃ ከአሥር ዓመት በኋላ 140 ሊፈልግ ነው። ስለዚህ በየአምስት ዓመቱ እንደገና ይለካ የሚል አንቀጽ አስገቡ።

የመጨረሻው የመለኪያ ሰሌዳው ነገር ነው። ወንዝ ዳር የተተከለችውን ባለቁጥር ሰሌዳ አንድ የሰፈር ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ያነባታል። አንድ ጊዜ መዝገብ ስመረምር በነሐሴ ለሦስት ሳምንት አንድም ቁጥር አጣሁ። አንባቢውን ፈልጌ ጠየቅሁት። "ጎርፉ ሰሌዳውን ወሰደው፤ ምን ላንብብ?" አለኝ። በጣም የምንፈልጋቸው ቀናት ናቸው ባዶ የሆኑት። ስለዚህ ሁለተኛ ሰሌዳ ትከሉ። ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ሜዳው ላይ፣ ከብቱ የሚግጥበት ቦታ፣ ከጠንካራ ግራር ጋር ታስሮ። ዋጋው የአንድ ቀን አበል ቢሆን ነው።